ስለ ዳንቴል፦ በቀፊራ ገበያ የተደረገ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦ እማሆይ፣ ድሬዳዋ እንዲህ በምትግልበት ወራት ከቀፊራ ሱቆች ደጃፍ ኪሮሽና ክር ይዘው የሚውሉት ስለ ምን ነው? የፋብሪካው ዳንቴል እዚሁ በርካሽ ይሸጥ የለምን?

እማሆይ፦ ይሸጣል፤ የሚገዛውም ይግዛው። እኔ የጠረጴዛ ልብስ ቸግሮኝ አልተቀመጥሁም።

ጠያቂ፦ ወንድ ልጅ ቢሠራውስ ነውር አይሆንምን?

እማሆይ፦ ሸማኔው ወንድ በሆነበት አገር ይህ ይጠየቃል? እለፈው፣ ልጄ።

ጠያቂ፦ እንግዲያስ ሥራው ለልብ የሚረባው ምንድን ነው?

እማሆይ፦ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበረ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ይህችን ከተማ ያስቆረቆረው የጅቡቲው ሐዲድ እርሱንም ደጋግሞ ይወስድብኝ ነበርና፣ በዘገየ ሌሊት የሠራሁት ዙር ከመጥበቁ የተነሣ ኪሮሹ በቀዳዳው አልገባ ይለኝ፣ በደኅና መመለሱን ባየሁ ማግሥት የሠራሁት ደግሞ ላልቶ ይሰፋ ነበር። ያ የጠረጴዛ ልብስ ዛሬም ሲዘረጋ መካከሉ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ ባለሙያ ቢያየው ፍቺውና እንደ ገና ሥሪው ይለኛል፤ እኔ ግን የትኛው ዙር በየትኛው ጭንቀት እንደ ተሠራ ለይቼ ስለማውቅ አልፈታውም።

ጠያቂ፦ ነገር ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። እናቶቻችን ልቅሶአቸውንም በደላቸውንም በዚህ ክር እየቋጠሩ ዝም ብለው ኖሩ፤ እኛም ትዕግሥታቸውን አመሰገንን። ዳንቴሉ አፋቸውን መሸበቢያ ሆኖባቸው እንደ ሆነስ?

እማሆይ፦ ይህን እያወጣሁ እያወረድሁ ያደርሁበት ሌሊት ብዙ ነው። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡናው በታከተ ጊዜ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ ለጸሎት ሲነሣ፣ ተመልሶም ሲቀመጥ አሳየው ብለው አበው የሚተርኩትን አስብና እጽናናለሁ፤ መጽናናቴ ግን አይዘልቅም፤ መልአኩ ለጸሎት ይነሣ ነበርና፣ ከተቀመጠችበት ያልተነሣችውስ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ በወሰደ ጊዜ ልጇን ያጣች ጎረቤት ነበረችኝ። አላለቀሰችም፤ ዳንቴል ትሠራ ጀመር፤ ለቀስተኛውም ብርታቷን እያደነቀ ወደየቤቱ ገባ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኪሮሼን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ክሩ ላይ ጥለን ሳለን፣ ማንም ፊቷን ስላላየባት ይሆናል፣ የልጇን ስም ጠራች፤ ከዚያም እስኪመሽ ተናገረች። እንግዲህ ክሩ አፏን ዘጋው ልበል ወይስ ከፈተው? ብቻዋን ሳለች ዘጋው፣ ሰው ሲጠጋት ከፈተው ብዬ እንዳልደመድም፣ እኔው ባቡር ስጠብቅ ብቻዬን ሠርቼ የተጽናናሁባቸው ሌሊቶች ይከራከሩኛል። ከሐዘንተኛዋ ይልቅ ደግሞ የተበደለችዋ ታስቸግረኛለች፤ ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ዳንቴልሽን ሥሪና እርሺው" ማለት ኃጢአት ነው፤ እርስዋ ዳኛ እንጂ ክር አያስፈልጋትም። ከኪሮሽ ጋራ አንገቷን ደፍታ ባየኋት ጊዜ ግን ከሁለቱ የትኛዋ እንደ ሆነች በምን ልለያት?

ጠያቂ፦ ታዲያ መልሱ የቱ ነው?

እማሆይ፦ መልሱን ባውቀውማ ቤቴ እቀመጥ አልነበረምን? እዚህ መንገድ ዳር የምውለው፣ የምትሠራ ሁሉ መጥታ እንድትጠጋኝ ነው። አንተም የምትመጣ ከሆነ ወፈር ያለውን ክር ግዛ፤ ቀጭኑ ለጀማሪ እጅ አይታዘዝም።