ጣራው የማን ነው?

ባለፈው ግንቦት ቴሌቪዥኔን ከወርኃዊ ክፍያ አላቀቅሁት። በየወሩ ገንዘብ ካላገኘ ዓይኑን የሚጨፍነውን ዲኮደር ነቅዬ ከአሮጌ ጫማዎች ጋር አልጋ ሥር አስገባሁትና፣ አንዴ ከተገዛ ሌላ የማይጠይቀውን ዲሽ ከነሪሲቨሩ አስገጠምኩ። በውጭው ዓለም እንዲህ ያደረገ ሰው «ኬብሉን ቆረጠ» ይባላል አሉ። እኛ ዘንድ እንደ እነሱ ከቤት ቤት የተዘረጋ ኬብል ስለሌለ፣ የሚቆረጠው ሽቦው ሳይሆን ክፍያው ነው።

ምክንያቴን ብጠየቅ «ኑሮ ተወደደ» ብዬ በአጭሩ እገላገል ነበር። ውሸትም አይደለም። ነገር ግን ከኪሴ ሌላ፣ ትዕቢት የሚመስል ነገርም ነበረብኝ። ሰማይ የሁሉም ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን ለመቀበል ደጅ መጥናት የለብኝም፤ ለማንም አልከፍልም፣ በማንም አልጠጋም፣ ብዬ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነፃነት ቢያምረው አይፈረድበትም። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ታክሲው በሰልፍ ነው፤ ቢያንስ ቴሌቪዥኑ በገዛ እጄ ይሁን ነው ነገሩ።

የዲሽ ሠራተኛው ትራፓኑን ይዞ ጣራ ላይ ወጣ። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። «መጣ?» ይላል። «አልመጣም።» «አሁንስ?» «ጭል ብሎ ጠፋ።» «አሁን?» «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ይህ ጥያቄና መልስ ለእኔ ትውልድ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቀለም ያገኘው ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1977። እኔ የማስታውሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። በልጅነቴ ሰፈር የዓሣ አጥንት የመሰለው አንቴና በረጅም እንጨት ጫፍ ታስሮ ከቆርቆሮ ጣራ በላይ ይቆም ነበር። ነፋስ ባዞረው ቁጥር አንድ ልጅ ጣራ ላይ ይወጣል፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ቃል ያቀብላል፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ምስሉን ይጠብቃል። አንድ ምስል ለማምጣት ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ምስሉ ከመጣ በኋላ ደግሞ ተመልካቹ የባለቤቱ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. የፈረንሳዩን የዓለም ዋንጫ ያየሁት በጎረቤት ቤት፣ ጫማዬን ደጃፍ አውልቄ፣ ከአሥራ ምናምን ልጆች ጋር ወለሉ ላይ ተኮልኩዬ ነው።

ያን ዘመን ማወደስ ቀላል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አልረሳሁም። እራት ሊቀርብ ሲል «በሉ እንግዲህ ልጆች» የምትባል ቃል ነበረች። ጨዋታው የደረሰበት ይድረስ፣ ያቺ ቃል ከተነገረች ጫማህን ፈልገህ መውጣት ነው። ልጅነቱን በዚያች ቃል ያሳለፈ ሰው አድጎ የራሱን ቴሌቪዥን፣ የራሱን ዲሽ፣ የራሱን በር ቢመኝ ስስት ብቻ ነው ብዬ አልፈርድበትም። ሰው ከጎረቤቱ የሚሸሸው አንዳንዴ ጎረቤቱን ጠልቶ ሳይሆን ማስቸገሩን ጠልቶ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም የራሱን ዲሽ ተከለ። የአዲስ አበባ ዲሾች ብዙ ዘመን ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት አዙረው ኖሩ። የዓረቦቹ የፊልም ጣቢያዎችም፣ በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ የመጣው ቃናም ከዚያው ነበሩ። በ2012 ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ሲመጣ ግን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ በኩል፣ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ጓዛቸውን ጠቀለሉ። እንግዲህ ዲሽን ማዞር ሊያስፈልግ ነው። ስንቱ አዞረ? የዓረቦቹን ፊልም ያልጠላ ሰው አሮጌውን ባለበት ትቶ ሁለተኛ ጨመረ። እኔም ብሆን የክፍያው ዲሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ የዞረ ስለነበር እዚያው ተውኩትና አዲሱን ከጎኑ አስተከልኩ። ማውረጃ ገንዘብ ለምን አወጣለሁ? የማይታይ ነገር አይቆረቁርም።

ሐምሌ ገባ።

ከእኛ በላይ፣ በመጨረሻው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት አሉ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ጉልበት አይቶ አያዝንም፤ እሳቸውን አራተኛ ፎቅ አወጣቸው። አሳንሰር የለም። ጀሪካን ሲሆን የልጅ ልጃቸው ይሸከማል፤ ቅዳሴ ሲሆን ግን ራሳቸው ይወርዳሉ፣ ራሳቸው ይወጣሉ። አንድ ጠዋት በራፌን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አንተ ጻፍ ጻፍ ታደርጋለህ አሉ። ለኮሚቴው አንዲት ማመልከቻ ጻፍልኝ። ኮርኒሴ ፈሰሰ።»

ወጥቼ አየሁት። ኮርኒሱ በአንድ ማዕዘን የሻይ ቀለም ይዞ አብጧል። ከሥሩ ሳፋ ተቀምጧል፤ አልጋው ከቦታው ተነሥቶ በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ቴሌቪዥን አላቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር ይከታተላሉ። ሽቦው በመስኮት ነው የሚገባው።

«የእርስዎ ዲሽ የትኛው ነው እማማ?» አልኩ።

«ኧረ እኔ ምን ዲሽ አለኝ! ከጎረቤቴ ዲሽ ሽቦ ሳበልኝ እንጂ። አንድ ይበቃል፣ ጣራውን አልበሳም አልኩት።»

ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ የጋራ ጣራን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። «ከሕንፃው ማኅበር ፈቃድ ሳይጠይቁ ጣራውን እየበሱ ዲሽ የተከሉ ነዋሪዎች...» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ፈቃድ የጠየቅሁት ማንን ነው? በዚያ ግንቦት ትራፓኑ ሲጮኽ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ «መጣ! መጣ!» ስል፣ ድምፁ ከእሳቸው ራስ በላይ ነበር።

ማመልከቻውን ጨርሼ ሰጠኋቸው። ያቺን ዐረፍተ ነገር አልሰረዝኳትም፤ የእኔ ስም ግን አልነበረባትም።

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ተደረገ። ጣራው የማን እንደሆነ ሕጉ አያከራክርም፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከእያንዳንዱ ቤት ውጭ ያለውን የሕንፃ ክፍል የጋራ መጠቀሚያ ይለዋል። ይህን አንዱ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ሁሉም ተስማማ። «የሁሉም ነው» ተባለ። ወዲያው «እንግዲያው የእኔም ነው» ማለት ተከተለ። ቀጥሎ «የእኔ ዲሽ ከወዲያ ማዶ ነው»፣ «የእኔ በሲሊኮን ታሽጓል»፣ «ያፈሰሰው የማን ቀዳዳ እንደሆነ ይረጋገጥና...» እየተባለ ሰዓቱ አለቀ።

የሚያረጋግጠው ማን ነው? ከኮሚቴው አንዱና እኔ በማግስቱ ወጣንና ቆጠርን። የሚሠራውም የማይሠራውም ተደምሮ 41 ዲሽ። እያንዳንዱ በአራት ብሎን ቢያዝ 164 ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ዲሽ ወድቆ እግሩ ብቻ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ተነቅሎ ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው። ውኃ ደግሞ በገባበት በኩል አይወርድም፤ በቆርቆሮው ሥር እንጨቱን ተከትሎ ሄዶ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ከእሳቸው ክፍል በላይ ያለው ቀዳዳ ንጹሕ ሆኖ፣ ጥፋቱ ከወዲያ ማዶ ያለው ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ቢቀመጥ እንኳ 41 ተከሳሽ ቀርቦ 41ዱም በነፃ የሚሰናበትበት ችሎት ነው።

እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። ግብረ ገብ ሲያስተምሩን ጥፋት ባለቤት አለው ብለው ነው። የሰረቀ ይመልስ፣ የሰበረ ይክፈል። ማንም ለብቻው ያልሰበረው፣ ሁላችንም ጥቂት ጥቂት የበሳነው ሲሆንስ? «የማን ጥፋት ነው?» የሚለው ጥያቄ እውነቱን ለማወቅ የተነሣ ይመስላል እንጂ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ሥራው ሌላ ነበር፤ መልስ እንደማይገኝለት እያወቅን፣ መልስ እስኪገኝ ማንም እንዳይከፍል የሚያደርግ መቀርቀሪያ ነበር።

ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት፣ ከዚያ አንድ ከብት እየጨመረ ሜዳውን እንደሚያጠፋው ተከራክሮ ነበር። ጣራችንን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን የእሱን ንግግር ከመቀበሌ በፊት መንዝ ትዝ አለኝ። የመንዝ ሰው በጓሳ አምባ ላይ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን በጋራ ሲጠብቅ ኖሯል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በተፈቀደው ቀን ብቻ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሰዉ ግን በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞት ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። ሣሩ ለምን እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ? ገመድ ይገመድበታል፣ ገሣ ይሠራበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቤት ይከደንበታል። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ጣራቸውን ነው ማለት ነው።

እኛስ ቢሆን ከየት መጣን? በዚያችው ደረጃ ሥር የሚሰበሰብ ዕድር አለን። ሰው ሲሞት የማን ጥፋት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ መዋጮው ይወጣል። የመዋጮ ዕውቀት አልጠፋንም። የጠፋን ገና በሕይወት ላለ ሰው፣ ለአንድ ማዕዘን ኮርኒስ፣ ያንኑ ማድረግ ነው።

በጋራ እንዳንጠቀም የሚያደርግ ምክንያት የለም አልልም። የዲሹ ራስ፣ ኤልኤንቢ የሚሉት፣ አንድ መውጫ ብቻ ያለው ከሆነና ሽቦው ለሁለት ቤት ከተከፈለ፣ አንዱ ጣቢያ ሲቀይር ሌላው ምስል ሊጠፋበት ይችላል። በዚህ የተኮራረፉ ጎረቤታሞች በእኛው ብሎክ አሉ። አራት ወይም ስምንት መውጫ ያለው ግን አለ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሽቦ ይወስዳል፣ ማንም የማንንም ምርጫ አይነካም። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ዲሾቻችን ሁሉ የሚያዩት አንዲት ነጥብ ነው፤ የሚያመጡትም አንድ ዓይነት ነገር ነው። ይህን ለስብሰባው ሳስረዳ አንዱ «ከዚያ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የራሴን ዲሽ ስተክል ስሸሽ የነበረው ይህንኑ ጥያቄ አልነበረምን? ለማንም አልከፍልም ያልኩ ጊዜ ሒሳቡ አልተሰረዘም፤ ሁለት ፎቅ ሽቅብ ሄዶ በሳፋ ሲጠራቀም ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ አምስት ቤት ተስማማን። ብዙ አይደለም። ስምንት መውጫ ያለው አንድ ዲሽ ግድግዳ ላይ አስተከልን፤ የአምስታችን የጣራ ዲሾች በሙሉ ወረዱ፣ ቀዳዳዎቹ ታሸጉ። የቀሩት ነዋሪዎች «እናያለን» ብለዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛውን ተከትዬ ወጣሁ። ከአረጋዊቷ ክፍል በላይ፣ በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ ሦስት ብሎን ነበር፤ አንዱ የእኔ ነው። የትኛው እንዳፈሰሰ አላወቅሁም። ሦስቱንም አሳሸግሁ።

ወርጄ ነገርኳቸው። ማመልከቻውን ስጽፍ ያልጻፍኩትን ስምም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «የአንተም ነበረች?» አሉ። «ነበረች እማማ።» ቡና እንድቀመጥ አዘዙኝ። አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሳፋው ግን አሁንም በዚያው ማዕዘን ነው። ላነሣው እጄን ስዘረጋ፣

«ተወው» አሉ። «ጳጉሜን ይለፍ።»