የጨረቃ ዕድሜ ስንት ነው?

የጨረቃ ዕድሜ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሁለት ዓይነት አዋቂዎች ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። የባሕረ ሐሳብ መምህር ጨረቃ ከታየች ስንት ሌሊት እንደ ሆናት ይናገራል፤ ቍጥሩም ከ30 አያልፍም። ድንጋይን የሚመረምር ሊቅ ግን 4500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይላል።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። በባሕር ዳር፥ ከጣና ዳር ተቀምጠን ሳለን፥ ቀን በዘመናዊ ትምህርት ቤት፥ ማታ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚማር አንድ ወጣት መምህሩን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው። «የኔታ፥ 5500 ዓመተ ፍዳና ዓመተ ምሕረት ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይሆናል ብለው አስተማሩኝ። በዚያኛው ትምህርት ቤት ግን ከጨረቃ የመጣው ድንጋይ ከ3000 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው አሉኝ። ከሁለቱ አንዱን መተው ይኖርብኝ ይሆን?» በአጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌም «ይህስ ለልጅ ባይነገር ይሻል ነበር» አሉ። የኔታ ዝም አሉ። እኔንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እምነቱ እንዳይናወጥ በማለት የታወቀውን ነገር ከልጅ መሸሸግ ይገባልን?

አስቀድሞ ድንጋዩን እንመልከት። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ኒል አርምስትሮንግና ባዝ አልድሪን የተባሉ የአሜሪካ ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ዐርፈው 22 ኪሎ ያህል ድንጋይና አፈር ይዘው ተመለሱ። እስከ ታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ድረስ በስድስት ጉዞ የመጣው ሁሉ ሲደመር 382 ኪሎ ሆነ። ዕድሜው የታወቀውም በግምት አይደለም። በድንጋይ ውስጥ ካለው ፖታስየም አንዱ ዓይነት በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ ይሄዳል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ከተለወጠውም ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ሆኖ በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ጧፍ በሰዓት ምን ያህል እንደሚነድ የሚያውቅ ሰው፥ የቀረውን አይቶ መቼ እንደ በራ ይናገር የለምን? ይህም እንደዚያ ያለ ሐሳብ ነው።

በዚህ መንገድ የተለኩት የጨረቃ ድንጋዮች አብዛኞቹ ከ3000 እስከ 4500 ሚሊዮን ዓመት ሆነው ተገኙ። የጎጃምንና የጎንደርን ደጋ የሠራው፥ ከእሳት የወጣው ጥቁር ድንጋይ ግን አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ልዩነቱ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ምድር ፊቷን ዘወትር ስለምትለውጥ ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በጢስ ዓባይ ወርዶ፥ አለቱን እየቈረጠ፥ የሀገራችንን አፈር ሲወስድ እናያለን። ጨረቃ ግን ዝናምም ነፋስም የላትምና፥ እንዳልተፋቀ ብራና የጥንቱን ጽሕፈት ጠብቃ ኖራለች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እንሸሽግ የሚሉት ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ የልጅ እምነት እንደ ለጋ ቡቃያ ነውና ውርጭ እንዳይመታው ይፈራሉ። ነገር ግን የተሸሸገው ቍጥር ነገ ከሌላ አፍ መሰማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ልጁ የሚጠራጠረው ቍጥሩን ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ያስተማሩትን ሁሉ ነው። አንድ የተደበቀ ነገር መቶውን የተገለጠ ያስጠረጥራልና።

ደግሞ ሌሎች በብልኀት ሁለቱን ቍጥር ሊያስታርቁ ይሻሉ። የፍጥረትን ስድስት ቀን እያንዳንዱን በሺህ ዓመት ቢያባዙት 6000 ይሆናል እንጂ 4500 ሚሊዮን አይደርስም። ያልገጠመውን ገጠመ ማለትም ሁለተኛ መሸሸግ ነው። እኔም ሁለቱ እንዲህ ይገናኛሉ ብዬ የምናገረው የለኝም። ይህን ብቻ አውቃለሁ፤ ድንጋዩ ስለ ተመዘነ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸው አልቀረም፤ ጾሙም በዓሉም ከቦታው አልተናወጠም። ጨረቃ ለሰው ሥርዐት ታስቈጥራለች፤ ድንጋይዋ ደግሞ የራሷን ዘመን ይናገራል። መሸሸግ ያስፈለገው እምነት ግን ከአምላኩ ይልቅ በአጥሩ የተማመነ እንዳይሆን ያሠጋል።

የኔታ ብዙ ከቈዩ በኋላ እንዲህ አሉ። «ልጄ፥ አንዱንም አትተው። ዛሬ ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደ ሆነች እኔ አስተምርሃለሁ። ስንት ዘመን እንደ ኖረች ድንጋዩን ከመረመሩት ጠይቅ፤ እኔ አልመዘንሁትምና። የማታውቀውን ግን ዐውቃለሁ አትበል፤ በእኔም ቤት ቢሆን፥ በእነርሱም ቤት ቢሆን።» ሽማግሌው አልተደሰቱም። ወጣቱ ግን በማግሥቱ ማታ እንደ ልማዱ ለትምህርቱ መጣ።

ስለዚህ ልጆች አሳዳጊዎችና መምህራን ሆይ፥ ልጅ ሲጠይቅ አንደንግጥ። ያወቅነውን እንንገረው፤ ያላወቅነውን አላወቅሁም እንበለው። ይህን ቃል ከመምህሩ አፍ የሰማ ተማሪ መምህሩን አይንቅም፤ ይልቁንም ዐውቃለሁ ባሉት ጊዜ ያምናቸዋል።