መርዶ በስልክ

መርዶ የሞትን ዜና ለሟች የቅርብ ሰው የማድረስ ሥርዓት ነው። ሥርዓት የሚያሰኘውም ዜናው ብቻውን ስለማይሄድ ነው። ውጭ አገር የምትኖር ልጅ እናቷ ቢያርፉ፣ ከአገር ቤት የሚደወለው ለእርሷ አይደለም፤ ለጓደኛዋ ወይም በከተማው ለሚገኙ ሽማግሌ ነው። የአገሯ ልጆች ይጠራራሉ። ሥራ ሳይገባ በማለዳ፣ ካልሆነም ሁሉም ከሥራ ሲወጣ፣ ተሰብስበው ቤቷ ይሄዳሉ። በዕድሜ ከፍ ያለው ያረዳል፤ ሁለት ሴቶች ራሷን ጥላ እንዳትወድቅ ከአጠገቧ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ እንጀራና ወጥ ይዘው ገብተዋል፤ አንዱ ለአሠሪዋ ይደውላል። ብዙውን ጊዜ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ይገባታል። የእናቷን ሞት ያወቀችበትና ብቻዋን እንዳልሆነች ያየችበት ቅጽበት አንድ ነው።

ስማርት ስልክ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቷቸዋል። ሽማግሌዎቹ ገና ሰዓት ሳይቀጣጠሩ፣ አንድ ሩቅ ዘመድ የእናቲቱን ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ልጅቷ በምሳ እረፍቷ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወይም በሥራ ቦታዋ ኮሪደር ስልኳን ስትከፍት፣ በማታውቃቸው ሰዎች «ነፍስ ይማር» መካከል የእናቷን ፊት ታያለች። ዜናው እውነት ነው፤ ከመርዶውም ፈጥኖ ደርሷል። የጎደለው የሚይዛት እጅ ነው።

ሰው በአካል ሳይገናኝ መቀራረብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ፈላስፎች ከስማርት ስልክ በፊት አንስተውታል። አርስቶትል ስለ ወዳጅነት ሲጽፍ፣ ርቀት ወዳጅነትን ፈጽሞ እንደማያፈርስ፣ ነገር ግን በተግባር እንዳይገለጽ እንደሚያግደው፣ መለያየቱ ከረዘመም ወዳጅነቱን እንደሚያስረሳ ይናገራል። አብሮ መኖር የሚለውም በአንድ መስክ እንደሚሰማሩ ከብቶች ጎን ለጎን መሆንን አይደለም፤ ንግግርንና ሐሳብን መጋራት ነው። በዚህ መለኪያ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ሰውም ለቅሶ ደረሰ ለማለት ያስቸግራል። ማርቲን ሃይደገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ንግግር፣ በአውሮፕላን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ርቀት ሁሉ እየጠፋ ሳለ መቀራረብ ግን አለመምጣቱን አስተውሏል። የርቀት ማጠርና የሰው መቅረብ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የሃይማኖት ትውፊቶችም ለአካል መገኘት ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። የኢዮብ ወዳጆች ከየአገራቸው ተነሥተው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ከተናገሩት ሁሉ ያ ዝምታ ይሻላል፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ደግሞ የትኛውም መልእክት ሊያደርሰው አይችልም። በእስልምና ትውፊት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ መሞቱን መዲና ላይ ለባልደረቦቻቸው ተናግረው፣ በሶፍ አሰልፈዋቸው በሌለበት ሰግደውለታል። አስከሬን በሌለበት የሚሰገደውን ይህን ሶላት የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) ሲቀበሉት፣ ሐነፊና ማሊኪ ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነበር ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፦ ሟቹ ከባሕር ማዶ ቢሆንም ሰጋጆቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነበር የቆሙት።

ሆኖም የድሮው መርዶ እንከን የለሽ አልነበረም። «ፈተና ላይ ናት»፣ «ነፍሰ ጡር ናት» እየተባለ ሞት ለወራት የሚደበቅበት ጊዜ ነበር፤ ስትደውልም «ታላቅሽ ጋ ሄደዋል» ይባላል። ይህ ከፍቅር የመነጨ ውሸት ቢሆንም ልጅ ወላጇን የምታለቅስበትን ጊዜ ሌሎች እንዲወስኑላት አድርጓል፤ ዘግይተው የተረዱ ብዙዎችም በሐዘናቸው ላይ ቅሬታ ተጨምሮባቸዋል። ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ከግቢ ለማትወጣ ሴት ደግሞ ተሰብስቦ በሯን የሚያንኳኳ የአገር ልጅ የለም። ለእርሷ የስልክ ድምፅ ብቸኛው ለቅሶ ደራሽ ነው። ቀብሩን በቪዲዮ አይታ፣ የእህቷን ለቅሶ ሰምታ አብራ ማልቀሷ እውነተኛ መጽናኛ ነው፤ ይህን ማናናቅ ጭካኔ ይሆናል።

ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሰው እስካለ ድረስ ጉዳዩ የርቀት ብቻ ነው። የሚያጽናናው ራሱ መሣሪያው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባውም በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀውን «ኢላይዛ» የተባለ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም ሲያስሞክር፣ ሥራውን ለወራት ስትከታተል የነበረችው ጸሐፊው ጥቂት እንደተነጋገረች ክፍሉን ለቆ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ፕሮግራሙ የሚጻፍለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ጥያቄ ከማድረግ ያለፈ ነገር አያውቅም ነበር። ዛሬ ያሉት ከዚያ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ሌሊት ለሚያለቅስ ሰውም ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። ይሁንና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ለቅሶ ደራሽ ሥራውን ትቶ መጥቷል፣ እርሱም ነገ ሟች ነው፣ ነገ እርሱም ለቅሶ ተቀማጭ ይሆናል። የእድር ብድር የሚመለሰው በዚህ ነው። የማይሞትና የሚከፍለው ነገር የሌለው መሣሪያ ቃሉን ሊሰጥ ይችላል፤ ብድሩ ውስጥ ግን አይገባም።

ስልኩን መክሰስ ግን አይጠቅምም፤ ሽማግሌዎቹን ያሰባሰባቸውም እርሱ ነው። ጥፋቱ የጥሪው ቅደም ተከተል ላይ ነው። የሰው ሞት የሰማ ሁሉ ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ልጆቹ መረዳታቸውን ይጠይቅ፤ ካልተረዱም የመጀመሪያው ስልክ አጠገባቸው ሊደርስ ለሚችል ሰው ይደወል።