ሞተርና ጀልባ ክረምቱን እንዴት ይክረሙ?

ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በሚያጠጡት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ ሜዳ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከበሬ ቀጥሎ የገበሬው ዋና ጉልበት ከሆነ ሰንብቷል። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በጋውን ሙሉ የሚጠጣው በእርሱ ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሲጥል ግን ሞተሩ ከወንዝ ዳር ይነሣና ጭቃው እንኳ ሳይታጠብለት ከጎተራ ሥር ይወሸቃል፤ የሩዙ አዝመራ እስኪሰበሰብም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በኅዳር ወጥቶ የማስነሻ ገመዱ ሲሳብ አልነሣ ሲል ጥፋቱ በሻጩ ወይም በመካኒኩ ይላከካል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩን የገደለው የበጋው ሥራ ሳይሆን፣ ርጥብና ቆሻሻ እንደ ሆነ ሥራ ፈትቶ መክረሙ ነው፤ ይህንንም ጥፋት የግማሽ ቀን ሥራ ሊያስቀረው ይችላል።

ብርድ አገር ለሚኖር ተጠቃሚ የተጻፉት መመሪያዎች ስለ ክረምት አቀማመጥ ሲያስተምሩ አብልጠው የሚያስጠነቅቁት ውሃ ሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረት እንዳይሰነጥቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ታቦርም ሆነ ከእርሷ በታች በተዘረጋው ሜዳ ግን የሐምሌና የነሐሴ ጠላት ሌላ ነው፤ እርሱም ቀን ከሌት የማይለቅ ርጥበት፣ ከርጥበቱም የሚወለደው ዝገት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ባለሞተር ጥንቃቄውን በራሱ ክረምት ልክ ሊያበጀው ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው ከማጠብ ነው። የጉማራና የርብ ውሃ ደለል የተሞላ በመሆኑ፣ በፓምፑ ሆድ ውስጥ የቀረው ጭቃ ሲደርቅ ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ምላስ ከቤቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ስለሆነም ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ውሃ እንዲስብ ከተደረገ በኋላ ከፓምፑ ግርጌ ያለው ብሎን ተፈትቶ ውሃው እስከ መጨረሻው ይንጠፍጠፍ። ቀጥሎ የሚመጣው ነዳጁ ነው። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሆናል፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ካርቡራተር ደግሞ የነዳጅ ማለፊያው ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ፣ ይህን ዝቃጭ ጥቂትም ቢሆን አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በማጠራቀሚያው ያለው ቤንዚን ይገልበጥ፣ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋ፣ ሞተሩም ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። የተገለበጠው ቤንዚን ለመጪው ኅዳር አይቀመጥም፤ በክረምቱ መግቢያ ለሚጠቀምበት ሰው ቢሰጥ ይሻላል።

ሞተሩ ገና ሞቅ እንዳለ አሮጌው ዘይት ይቀየር፤ የተቃጠለ ነዳጅ በዘይቱ ውስጥ የሚተወው አሲድና ርጥበት ውስጡን ከርሞ ይበላዋልና። ከዚያም ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመር፣ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንዲያለብሰው ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ይሳብ፣ ካንዴላውም ይመለስ። በመጨረሻ ገመዱ ቀስ ተብሎ ሲሳብ እጅን የሚከብድበት ቦታ ላይ ይተው፤ በዚያ ቦታ የአየር መግቢያውም የጭስ መውጫውም ቫልቭ የተዘጉ ስለሆኑ የክረምቱ ርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። ይህች ትንሽ ነገር ምንም ወጪ ባይኖራትም ከሁሉ ይበልጥ የምትዘነጋው እርሷ ናት።

የሚከርምበት ቦታም ይታሰብበት። በሰኔና በሐምሌ ማዳበሪያ በየቤቱ ይከማቻል፤ ማዳበሪያ ከአየር ውሃ የሚስብ፣ ብረትንም የሚበላ ጨው በመሆኑ ሞተሩን ከጆንያው አጠገብ ማስቀመጥ ዝገትን መጥራት ነው። ምድጃ ያለበት ቤትም አይሆንም፤ ቤንዚን የነካው ዕቃ ሽታው ብቻ እሳት ሊስብ ይችላል፣ በዚያም ቤት ሕፃናት ይተኛሉ። ሞተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለሉ ርጥበቱን ከውስጥ ስለሚያፍን በሸራ ወይም በጆንያ ልል ተደርጎ ይሸፈን። በሜዳው ያለ ባለቤት ደግሞ ከፍታውን አብዝቶ ያስብ፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ከቀየው አፈናቅሏል።

የጣና ባለጀልባም ከዚህ ምክር አይወጣም። በጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ዓሣ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለዘመናት ሐይቁን ያሻገረው የደንገል ታንኳ ባለቤቶች የሚያውቁት አንድ ጥበብ ነበር፤ ታንኳ ከውሃ እንደ ወጣ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ካልደረቀ ይበሰብሳልና። የሞተር ጀልባ ግን ብረት ወይም ፋይበር ስለሆነ አይጎዳም ተብሎ በገመድ ታስሮ ይተዋል። የጣና ውሃ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ የሚል በመሆኑ፣ በሰኔ ደረቅ ዳር ላይ የተተወ ጀልባ በመስከረም ውሃ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ ከውሃው ከፍተኛ ምልክት በላይ ይሳብና በጉማጅ ላይ በግንባሩ ይደፋ። ሞተሩ ተነቅሎ በተፈጥሮ አቋሙ ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል፣ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚፈስሰው እንዲያ ሲሆን ነውና። ፕሮፔለሩም ይፈታ፤ ከሥሩ የተጠመጠመ የመረብ ክር ወይም የእንቦጭ ሥር ይገኝ እንደ ሆነ ይታይ። ክር የውሃ መከላከያውን ጎማ ከቆረጠው ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል፤ ይህም የማርሹ ዘይት ሲቀዳ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይታወቃል።

አሮጌው ዘይት የሚቀዳበት ቦታ ግን ከሞተሩ ዕድሜ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። በጣና ካሉት የላቤኦባርበስ ዓሦች መካከል ብዙዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም የተወሰኑት ለመራባት በጉማራና በርብ የሚወጡት ልክ ክረምቱ ሲገባ ነው። በሰኔ ወንዝ ዳር ዘይት የሚደፋ ሰው መርዙን የሚደፋው በዓሣው መንገድ ላይ ነው። ዘይቱ በጀሪካን ተይዞ ወደ ጋራዥ ይወሰድ፤ ወንዙ ውስጥም ጉድጓድ ውስጥም አይፍሰስ።

ለጎረቤቶች በአንድነት የተገዛ ሞተር ከሁሉ የባሰ አስታማሚ ያጣል፤ ሲሠራ ሁሉም ባለቤቱ ነው፣ ሲከርም ግን ማንም አይደለም። የማኅበሩ አባላት በግንቦት ተቀምጠው ማን እንደሚያጥበውና በማን ቤት እንደሚከርም በስም ይወስኑ፣ ለካንዴላና ለዘይት የሚያስፈልገውንም ገንዘብ በዚያው ቀን ያዋጡ። በኅዳር ሞተሩ ሲወጣ ደግሞ ፓምፑ በውሃ ሳይሞላ ገመዱን ማንም እንዳይስብ ይስማሙ፤ በደረቅ የሚሽከረከር ፓምፕ መከላከያ ጎማውን በጥቂት ደቂቃ ያቃጥላል፣ አዲሱም ጎማ ባሕር ዳር ድረስ ተፈልጎ እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል።