ጸጥታን የሚሠራ ሰው

በቅርቡ በአንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ በተደረገ ውይይት፣ ሠዓሊው፣ ደራሲውና ሙዚቀኛው ከከተማ ወጥተው ለጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው የሚሠሩበት ማረፊያ ገጠር ውስጥ ይከፈት የሚል ሐሳብ ተነሣና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ብዙዎቻችን ሬዚደንሲ የምንለው ነገር ነው። ግማሹ «ከሕዝብ መሸሽ ነው» አለ፤ ግማሹ «ጸጥታ በሌለበት ጥበብ አይወለድም» ብሎ ተከራከረ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ። ከአዳራሹ ስወጣ ግን ሁለቱም ወገኖች ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ገጠር ጸጥ ያለ ነው የሚለው።

ገጠር ያደገ ሰው እንዲህ አይልም። ሌሊቱን ውሻው፣ ዶሮውና ማሕሌቱ አሉ፤ በመኸር አውድማው ላይ ሆታው አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠራት አለ። ከማዶ ስሙ የተጠራ ልጅ «አቤት» ብሎ ይሮጣል እንጂ «ሥራ ላይ ነኝ» አይልም። ከብት ይመልሳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንግዳ ይቀበላል። ከከተማ የመጣው ሠዓሊ እዚያው መንደር ውስጥ ጸጥታ የሚያገኘው በስሙ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ነው። አእዋፉማ ለሁሉም እኩል ይጮኻሉ።

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፒተርቦሮ ውስጥ ያለው ማክዳዌል የተባለ ማረፊያ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከተመሠረተበት ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጣሚውንም፣ ሠዓሊውንም፣ የሙዚቃ ቀማሪውንም በጫካው ውስጥ በተበታተኑ የሥራ ቤቶች ያስተናግዳል። ምሳ በቅርጫት ሆኖ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ያመጣው ሰው በሩን ሳያንኳኳ ይመለሳል። ሳይጋበዝ ማንም ወደ ማንም የሥራ ቤት አይሄድም። ጄምስ ባልድዊን በ1950ዎቹ እዚያ ተቀምጦ «ጆቫኒስ ሩም» በተባለው ልብ ወለዱ ላይ ሠርቷል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በዚያ ዘመን ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር እንዲጽፍ የጠየቀው ማንም አልነበረም። ያልተጠየቀ መጽሐፍ የሚጻፈው ጠያቂ በሌለበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለማረፊያዎቹ የምከራከረውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ቅርጫቱን የተሸከመ ሰው አለ። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም፤ የዚያው ማረፊያ ታሪክ ራሱ አያሳልፈኝም። ሜሪያን ማክዳዌል ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ቀማሪውን ኤድዋርድ ማክዳዌልን ያወቀችው ጀርመን አገር ተማሪው ሆና ነው። ካገባችው በኋላ የራሷን የመድረክ ተስፋ ተወች፤ በ1896 እርሻውን ገዛች፤ እሱ ሳይረበሽ የሚቀምርበት የግንድ ጎጆ ጫካው ውስጥ ተሠራለት። ባሏ በ1908 ሲሞት ወደ ፒያኖዋ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ለማረፊያው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። ሌሎች እንዳይጠሩ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራ ኖረች።

«ፈቅዳ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ በፈቃዷ ሊኮራም ይገባል። «ማንኛውም ሥራ በሌላው ድካም ላይ ይቆማል፤ ዳቦ ጋጋሪውም የገበሬ ባለዕዳ ነው» የሚልም አለ። ይኼኛው አያሳምነኝም። ዳቦ ጋጋሪው ለዱቄቱ ይከፍላል፤ ገበሬውም ዳቦውን ይበላል። የማረፊያው እንግዳ ግን ምንም ሳያመጣ ቢመለስ ማንም አይጠይቀውም፤ ስጦታው ስጦታ የሚሆነውም ባለመጠየቁ ነው። ታላቅ ሥራ ዕዳውን ይከፍላል ብንል፣ ታላቅ ሥራ ያልወጣላቸውን ብዙዎች ሌቦች ልናደርጋቸው ነው።

መልሱን ከራሳችን ቅኔ ቤት አገኘሁ ብዬ ነበር። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ከአገሩ ርቆ ይሄዳል፤ ቀን ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የሚያኖረውን ሰው ግን በዓይኑ ያየዋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሿን የሰጠችው ሴት ፊት አይጠፋውም። እዚህ ቅርጫት ደጃፍ ላይ አይቀመጥም። ዕዳው ባይከፈልም ይታወቃል፤ ይህ ይበቃል መሰለኝ።

ነገሩን ወደ ሴትየዋ ዞሬ ሳየው ግን አልበቃም። ቁራሽ የሰጠችው ሴት ቅኔው በግእዝ ስለሆነ አትሰማውም፤ ተማሪው ፊቷን ማወቁ ወፍጮዋን አላቀለለላትም። እሷ ራሷ ጫካ ገብታ ልትቆጥር ብትፈልግስ? እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ግን እንደሳቸው ያለች ሴት ብርቅ ስለነበረች ነው። ሌሎቹ ይጠሩ ነበር።

ስለዚህ አቋሜ ጠቧል። ማረፊያው ይከፈት ከሚሉት ጋር አሁንም ነኝ፤ መሸሽ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ግን ፕላኑ ሲነደፍ ከመልክዓ ምድሩ በፊት ወጥ ቤቱ ይታይ እላለሁ። ልጅ ያላት ደራሲ ስትመጣ ልጇን የሚይዝላት ሰው ደመወዝ በጀት ውስጥ ይግባ። ለአብሳይዋም በቂ ደመወዝ ይከፈላት፤ ሆኖም ደመወዝ ያለመጠራትን አይገዛላትም። በሳምንት አንድ ቀን እንግዶቹ ያብስሉ፣ ዕቃ ይጠቡ፣ ውኃ ያምጡ፤ ያን ቀን እሷ በስሟ አትጠራ። ያ ቀን ከአንድ ሰው መጽሐፍ ላይ የሚቀነስ ቀን ነው፤ መቀነሱንም እደግፋለሁ። ሁለት ቀን ይሁን ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ሦስት ቢሉኝ ግን አመነታለሁ፤ ለምን እዚያ ላይ እንደማመነታ ደግሞ ለራሴም አጥጋቢ ምክንያት ልሰጥ አልቻልኩም።