መድፉ ደረሰ፣ ሠራዊቱ ግን ቀረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ በዐቢይ ጾም ከደጃችን ከጋፋት ጥቂት እንማር። ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ከሁሉም የገዘፈው ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። መንገድ የሚባል አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጣ። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ ሲደርስ ወቅቱ እንደ አሁኑ ዐቢይ ጾም ነበር።

ልብ እንበል! ያን ሁሉ ብረት ተራራ ያስወጣ ጉልበት ሠራዊቱን ግን ማቆየት አልቻለም። በብዙ ዐሥር ሺሕ ከሚቆጠረው ጦር መቅደላ ላይ የቀረው ጥቂት ሺሕ ነበር። ለምን? ገበሬው ተዘርፏል፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጥላ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንብረት ተወስዷል፤ ቅጣቱም ከልክ አልፏል። ስለዚህ ወታደሩ እየከዳ ወደየአገሩ ገባ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጋጠሙ ሴባስቶፖል አላዳናቸውም። በፋሲካ ማግሥት ንጉሡ አረፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ተቀምጧል።

ይህን የምንለው በንጉሡ ልንፈርድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ራሳችንን እንድንመረምር ነው እንጂ። እኛም በየዓመቱ ከባድ ነገር እንጎትታለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉ፣ ሥጋና ቅቤ መተዉ፣ ስግደቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የጎረቤታችንን ድንበር ገፍተን፣ የሠራተኛችንን ደመወዝ ይዘን፣ ከወንድማችን ጋር ተኮራርፈን ከሆነ፣ 55 ቀን ሙሉ የምንጎትተው ሠራዊት የሌለው መድፍ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ወደ ጦርነት የሚወጣ ንጉሥ አስቀድሞ ተቀምጦ ሠራዊቱን መመዘን እንዳለበት አስተምሮናል። የጾም ሠራዊቱ ፍቅር ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ቆጠራውን ዛሬ እናድርግ። የተጣላነው ካለ ሽማግሌ ልከን እንታረቅ፤ የሰው ገንዘብ በእጃችን ካለ እንመልስ። ያን ጊዜ ሸክሙም ይቀላል፤ አብሮን ገመዱን የሚይዝ ብዙ እጅ ይኖራልና።

አምላካችን ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።