መከራ ያየ ሰው ይራራልን?

መከራ ያየ ሰው ለመከረኛ ይራራል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማ ኖሬአለሁ። አነጋገሩ መልካም ነው፤ የተጐዳውን ሰው ጉዳትህ በከንቱ አልቀረም ብሎ ያጽናናዋልና። እውነትነቱን ግን እጠራጠራለሁ። ስለዚህም የጥንት ግሪኮች ስለ አምላካቸው ስለ አፖሎ ልደትና ፍቅር ያወሩትን ተረት ምስክር አድርጌ ላቀርብ አሰብሁ። የጣዖት ተረት ምን ይረባናል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ሰዎች አማልክትን በራሳቸው መልክ እየሣሉ ስርቆትን፥ ምንዝርንና ማታለልን እንደ ሰጧቸው ክሴኖፋኔስ የተባለው ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ወቅሶ ተናግሮ ነበር። እንግዲህ በአፖሎ ላይ የምናየው ጠባይ የሰው ጠባይ ነው።

የአፖሎ እናት ሌቶ ትባላለች፤ የፀነሰችውም ከአማልክት ንጉሥ ከዜውስ ነው። በሆሜር ስም በሚጠራው የአፖሎ መዝሙር እንደ ተተረከው፥ ሌቶ ከአገር ወደ አገር፥ ከደሴት ወደ ደሴት እየዞረች የምትወልድበት ስፍራ ብትለምን ሁሉም ፈርቶ እንቢ አላት። በመጨረሻ ከዴሎስ ደረሰች። ዴሎስ በኤጌ ባሕር ውስጥ ያለች፥ ስፋቷ 4 ኪሎ ሜትር ካሬ የማይሞላ፥ ጭንጫ ደሴት ናት። እርሷም ብትሆን ወዲያው እሺ አላለችም። የሚወለደው ልጅ እጅግ ትዕቢተኛ እንደሚሆን ወሬ ሰምታ ነበርና፥ ድንጋይ መሆኔን ባየ ጊዜ ንቆኝ በእግሩ ገፍቶ ያሰጥመኛል ብላ ፈራች። ሌቶ ልጇ መጀመሪያ መቅደሱን በዚያ እንዲሠራ በታላቅ መሐላ ከማለችላት በኋላ ግን ተቀበለቻት።

ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቍጥር ቆም እላለሁ። ደሴቲቱ የተቸገረችውን ሴት አስጠጋች፤ ነገር ግን የተቸገረው ሁሉ ደግ ነው ብላ አልተታለለችም። ከመሐላው በፊት ጠየቀች።

ሌቶ 9 ቀንና 9 ሌሊት አማጠች። የዜውስ ሚስት ሄራ ስለ ቀናችባት፥ ምጥ የምታቀለውን አምላክ ኤይሌይቱያን በኦሊምፖስ ላይ አቆይታባት ነበር። የቀሩት ሴቶች አማልክት 9 ክንድ በሚሆን የወርቅ ሐብል አባብለው አስመጧት። ያን ጊዜ ሌቶ የዘንባባውን ዛፍ አቅፋ፥ በሣሩ ላይ ተንበርክካ ወለደች።

እንግዲህ እናቱ ማረፊያ አጥታ የተንከራተተችበት ልጅ፥ ካደገ በኋላ ከፊቱ የምትሸሽ ሴት ባየ ጊዜ ምን አደረገ? በ8 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ሮማዊው ባለ ቅኔ ኦቪድ የዳፍኔን ታሪክ ጽፏል። አፖሎ የፍቅርን አምላክ፥ ያን ቀስተኛ ሕፃን፥ ቀስት የወንዶች ነው እያለ ይዘባበትበት ነበር። ሕፃኑም ለአፖሎ የሚያስወድደውን የወርቅ ፍላጻ፥ ለዳፍኔ የሚያስጠላውን የእርሳስ ፍላጻ ወረወረ። ዳፍኔ ሸሸች፤ አፖሎም እየተከተለ የማን ልጅ እንደ ሆነና የትኞቹ ከተሞች እንደሚገዙለት ይነግራት ጀመር። ወድቃ እንዳትጐዳ ዝግ ብላ እንድትሮጥ ለመናት፤ እርሱም ዝግ ብሎ እንደሚከተላት ተስፋ ሰጣት። መከተሉን መተው ግን በልቡ አልመጣም። ልትያዝ ስትል የወንዝ አምላክ የሆነው አባቷ ወደ ዛፍ ለወጣት። እርሱም ቅጠሏን ቀጥፎ አክሊል አደረገው። በዴልፊ ውድድር ያሸነፉ ሰዎች የሚቀዳጁት ይህንኑ የላውሬል ቅጠል ነበር፤ ዳፍኔ ማለትም በግሪክ ቋንቋ የዚያው ዛፍ ስም ነው።

የትሮያ ንጉሥ ልጅ ካሳንድራም እሺ ካለችው በኋላ ቃሏን ስላጠፈች፥ ትንቢቷን ማንም እንዳያምን አደረገባት። ኤስኪሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ባሳየው ቲያትር፥ ሞቷን አስቀድማ እያየች ወደምትገደልበት ቤት ስትገባ እናገኛታለን።

አፖሎ የሴትን መከራ አያውቅም ነበር እንዳንል፥ ሌላ ተረት አለ። ቲቱዮስ የተባለ ግዙፍ ሰው ሌቶን በግድ ሊደርስባት በተነሣ ጊዜ፥ አፖሎና እኅቱ አርጤምስ ገደሉት። ኒዮቤ ከሌቶ ይልቅ ብዙ ልጆች አሉኝ ብላ ብትመካ፥ ወንዶች ልጆቿን እርሱ፥ ሴቶቹን አርጤምስ በፍላጻ ጨረሱባት። እንግዲህ ግፉን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በእናቱ ላይ ሲደርስ ነው።

ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ። በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፥ አዲስ ገቢዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቋቸው ባለፈው ዓመት ራሳቸው ሲጨነቁ የከረሙት ልጆች ነበሩ። አንዱን ለብቻው ጠርቼ፥ «ይህ ነገር በአንተ ላይ ሲደረግ አላለቀስህምን?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልቅሻለሁ መምህር፤ ዛሬ ግን ተራው የእነርሱ ነው» አለኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ለታናሽ ወንድሙ ዳቦውን እየከፈለ ሲሰጥ አይቼዋለሁ። እንባውንም አልረሳውም፤ አንድ ሰው ሊከፍለው እንደሚገባ ዕዳ ቈጥሮት ነበር እንጂ።

ፍርዱን እንዳላጋድል፥ አፖሎ ያዘነበትም ጊዜ አለ። ወዳጁ ኮሮኒስ ፀንሳለት ሳለች ሌላ ሰው ስለ ወደደች አስገደላት፤ ሬሳዋ ሲቃጠል ግን ሕፃኑን ከእሳቱ መካከል ነጥቆ አወጣው። ይኸውም በኋላ የሐኪሞች አምላክ የተባለው አስክሌጲዮስ ነው። ኤውሪጲዴስ ኢዮን ብሎ በሰየመው ድርሰቱ እንደሚተርከው ደግሞ፥ በአቴና አክሮጶሊስ ሥር ባለው ዋሻ ክሬውሳን በግድ ደረሰባት። እርሷም በምሥጢር ወልዳ ሕፃኑን በዋሻው ውስጥ ተወችው፤ አፖሎም በሄርሜስ እጅ ወደ ዴልፊ አስወስዶ አሳደገው። ሁለቱን ተረቶች አንባቢ ያስተያያቸው። ሕፃኑን አዳነ፤ እናቲቱን አንዷን አስገደለ፥ ሌላዋን ስንት ዘመን ልጄ የት ደረሰ እያለች ስታለቅስ ተዋት። በሕፃኑ ላይ ራሱን አየ፤ በሴቲቱ ላይ ግን ሌቶን አላየም። ክሬውሳ በመጨረሻ በዴልፊ ልጇን ባገኘች ጊዜ እንኳ አፖሎ አልመጣም፤ ስላለፈው ነገር እንዳይወቀስ አቴናን ላከ።

ይህ የአንድ አምላክ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሚያመልኩትም ሰዎች እንዲሁ አድርገዋል፤ ይህኛው ደግሞ ተረት ሳይሆን ታሪክ ነው። ቱኪዲዴስ እንደ ጻፈው፥ አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ426 ዓመት ክረምት ዴሎስን ለአፖሎ ክብር እናንጻ ብለው የሙታኑን መቃብር ሁሉ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ በደሴቲቱ ላይ ማንም እንዳይሞት፥ ማንምም እንዳይወልድ አዘዙ። ከ4 ዓመት በኋላም ነዋሪዎቹን ራሳቸውን አስወጥተው ወደ እስያ አሰደዷቸው፤ በማግሥቱ ዓመት መልሰው አስገቧቸው እንጂ። ስለ መውለድ የወጣው ትእዛዝ ግን ጸና። የመውለጃዋ ቀን የቀረበ ሴት ሁሉ፥ ሌቶ ያቀፈችው ዘንባባ አለበት ከሚባለው ምድር ተነሥታ፥ በጀልባ ወደ ጎረቤቲቱ ደሴት ወደ ሬኔያ ትወሰድ ነበር።